የሕሙማን ርክክብ፦ ነርሶች ምን ይማራሉ? ታካሚና ቤተሰብስ ምን ይጠይቁ?

አንድ ታካሚ ከአንድ ባለሙያ፣ ክፍል ወይም የጤና ተቋም ወደ ሌላ ሲተላለፍ ስለ ሕመሙ የሚታወቀው መረጃና የሕክምናው ኃላፊነት አብረውት መተላለፍ አለባቸው። ይህ የሕሙማን ርክክብ ይባላል። ርክክቡን በየቀኑ ከሚያከናውኑት ባለሙያዎች ውስጥ ነርሶች ዋነኞቹ ናቸው፤ በትምህርት ላይ ሳሉም ከሚሠለጥኑባቸው ጉዳዮች አንዱ ነው። ይህ ጽሑፍ ነርሶች ስለ ርክክብ ምን እንደሚማሩ፣ እርስዎም እንደ ታካሚ ወይም እንደ አስታማሚ ከእነሱ ምን መጠየቅና መጠበቅ እንደሚችሉ ያብራራል።

ባጭሩ

• ታካሚ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት ጊዜ መድኃኒት ሊደገም ወይም ሊቋረጥ፣ የምርመራ ውጤት ሊጠፋ፣ ቀጠሮም ሊረሳ ይችላል።
• ከሆስፒታል የመውጣት ዝግጅት መጀመር ያለበት ታካሚው በተኛበት ቀን ነው።
• ምክሩን መስማት ያለበት ቤት ውስጥ በትክክል የሚያስታምመው ሰው ነው።
• የተነገርዎትን በራስዎ ቃል መልሰው ለነርሷ ይንገሩ። ይህ የመማሪያ ዘዴ እንጂ ፈተና አይደለም።
• የመድኃኒት ዝርዝር፣ የሕክምና ማጠቃለያና የቀጠሮ ቀን በጽሑፍ ሳይይዙ ከሆስፒታል አይውጡ።

ርክክብ የሚደረገው መቼ ነው?

ብዙ ሰው ርክክብ ሲባል ከሆስፒታል መውጣት ብቻ ይመስለዋል። በእርግጥ ግን አንድ ታካሚ በአንድ ሕመም ብቻ ብዙ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፦

• ከጤና ኬላ ወይም ከጤና ጣቢያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ሲላክ፤
• ከድንገተኛ ክፍል ወደ ተኝቶ መታከሚያ ክፍል ሲዛወር፤
• ከቀዶ ሕክምና ወይም ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲወጣ፤
• የቀን ተረኛ ነርስ ለማታ ተረኛ ስታስረክብ፤
• ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ፤
• ክትትሉን ቤቱ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ እንዲቀጥል ሲደረግ።

በኢትዮጵያ የጤና አገልግሎቱ በደረጃ የተዋቀረ ነው። ከታች ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ በመጨረሻም ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛሉ። ይህ አደረጃጀት የሚጠቅመው ታካሚው ወደ ላይ ሲላክም ወደ ታች ሲመለስም መረጃው አብሮት ከተጓዘ ብቻ ነው። ወደ ላይ ሲላክ ሪፈር ይጻፍለታል። ወደ ታች ሲመለስ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይሄዳል፤ የጤና ጣቢያው ባለሙያም ሆስፒታል ውስጥ ምን እንደተደረገ የሚሰማው ከታካሚው አፍ ብቻ ይሆናል።

ለምን አደገኛ ጊዜ ሊሆን ይችላል?

ለምሳሌ በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት አዲስ አበባ ተኝታ የታከመች አንዲት ልጅን እናስብ። ስትወጣ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ እንድትወጋ ታዟል። መርፌውን ልትወጋ የምትችለው በትውልድ ወረዳዋ ባለው ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያው የሚያውቀው ወረቀት ካልመጣ፣ አባቷም «መርፌው እስከ መቼ?» ብሎ ካልጠየቀ፣ ልጅቷ ደኅና በመሰለች ጊዜ መርፌው ይቆማል። መርፌው የሚሰጠው ግን ሕመሙ ተመልሶ የልቧን በር የበለጠ እንዳይጎዳ ነው። ሆስፒታሉ ሕክምናውን በሚገባ ሰጥቷል፤ ጤና ጣቢያውም መርፌ መውጋት ያውቃል። የተበላሸው በሁለቱ መካከል ያለው ርክክብ ነው።

ተመሳሳይ ችግር በሌሎች ሕመሞችም ያጋጥማል። የሚጥል ሕመም መድኃኒት፣ ለምሳሌ ፌኖባርቢታል፣ በድንገት ከተቋረጠ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይወስዳል፤ ታካሚው የመኖሪያ ቦታውን ሲቀይር የዝውውር ወረቀት ካልያዘ ሕክምናው መሐል ላይ ይቋረጣል፣ በሽታውም መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ይህን ለማያውቅ ባለሙያ ቀርቦ ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ቢታዘዝለት ደም የመፍሰስ አደጋው ይጨምራል።

ነርሶች በትምህርታቸው ምን ይማራሉ?

1. ዝግጅቱ ከመጀመሪያው ቀን እንደሚጀምር

የነርስ ተማሪ ታካሚን መመርመር፣ ችግሮቹን መለየት፣ ማቀድ፣ መተግበርና መገምገም የሚባሉትን ተከታታይ ደረጃዎች ይማራል። በዕቅዱ ውስጥ ታካሚው ሲወጣ ማን እንደሚረዳው፣ ቤቱ ከጤና ተቋም ምን ያህል እንደሚርቅ፣ መድኃኒት መግዛት ይችል እንደሆነና ማንበብ ይችል እንደሆነ መካተት አለበት። ስለዚህ ነርሷ «ከማን ጋር ነው የሚኖሩት? ውኃ ከየት ነው የምትቀዱት?» ብላ ብትጠይቅ ከጉጉት የመጣ አይደለም። እውነተኛውን ይንገሯት፤ ፍሪጅ እንደሌለዎት ካላወቀች ኢንሱሊን እንዴት እንደሚቀመጥ አታስተምርዎትም።

2. መረጃን በቅደም ተከተል ማስተላለፍ

ተማሪዎች የታካሚን መረጃ በአራት ነጥብ ከፍሎ ማስረከብን ይለማመዳሉ፦ አሁን ያለው ሁኔታ፣ የኋላ ታሪክ፣ የባለሙያው ግምገማ፣ እና ምን መደረግ እንዳለበት የሚሰጥ ምክር። ዘዴው ኤስባር በሚል ስም ይታወቃል። መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሲሆን በኋላ ወደ ሕክምናው ገብቷል። ለምሳሌ ተረኛ ነርስ ለሐኪም እንዲህ ልትል ትችላለች፦ «አልጋ 7 ያሉት እናት ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ትናንት በቀዶ ሕክምና የወለዱ ናቸው። ትኩሳት የላቸውም፣ የልብ ምታቸው ግን ፈጥኗል። አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩዋቸው እፈልጋለሁ።» ይህን አነጋገር እርስዎም ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ሌሊት ላይ ነርስ ሲጠሩ «አባቴ አሞታል» ከማለት «አባቴ ከአንድ ሰዓት ወዲህ ንግግሩ ተሳስሯል፤ የደም ግፊት አለበት፤ ቀን ላይ ደኅና ነበር» ማለት ርዳታውን ያፋጥናል።

3. መድኃኒቶችን ማስተያየት

ታካሚው ከመተኛቱ በፊት ይወስዳቸው የነበሩትን፣ ሆስፒታል ውስጥ የተሰጡትንና ሲወጣ የታዘዙትን መድኃኒቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስተያየት ተማሪዎች ከሚማሯቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ዋናው ጥያቄ «የትኛው ይቀጥላል? የትኛው ቆሟል? የትኛው አዲስ ነው?» የሚለው ነው። አንድ መድኃኒት ሁለት ስም ሊኖረው ስለሚችል ይህ ማስተያየት ወሳኝ ነው። ላሲክስና ፍሩሴማይድ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ ኖርቫስክና አምሎዲፒንም እንዲሁ። ቤት ያለውን አሮጌ ዕቃና አዲስ የተገዛውን ሁለቱንም የሚወስድ ታካሚ ሳያውቀው እጥፍ እየወሰደ ነው።

4. «በራስዎ ቃል ይንገሩኝ» ማለት

ጥሩ አስተማሪ ነርስ «ገባዎት?» ብላ አትተውም፤ ብዙ ሰው ባይገባውም ከአክብሮት የተነሣ «አዎ» ይላልና። ይልቅ «ቤት ሲደርሱ ይህን መድኃኒት እንዴት እንደሚወስዱ ይንገሩኝ» ትላለች። መልሱ ከተሳሳተ ጥፋቱ የአስረጂው እንጂ የታካሚው አይደለም፤ ነርሷ በሌላ መንገድ ታስረዳለች፣ ደግማም ታስጠይቃለች። ኢንሱሊን መውጋት ወይም ቁስል ማጠብ ሲሆን ደግሞ በተግባር አሠርታ ታያለች።

5. ከሌሎች ባለሙያዎችና ከማኅበረሰቡ ጋር መሥራት

ቅንጅት በክፍል ውስጥ ትምህርት ብቻ አይገኝም። የጎንደር የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን እንዲሠሩ አድርጎ ያሠለጥን ነበር። የጅማ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎችን ወደ ማኅበረሰቡ በሚያወጣ ትምህርቱ ይታወቃል። ተማሪዋ የታካሚውን ቤት፣ መንገዱንና ጤና ጣቢያውን በዓይኗ ካየች «በየሳምንቱ ተመላለስ» የሚለው ምክር ለማን እንደሚሠራና ለማን እንደማይሠራ ትረዳለች።

ይህ ሥልጠና ውጤት እንዳለው የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። በቦስተን የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አንዲት ነርስ የመውጫ ዝግጅቱን እንድትመራ፣ ቀላል የጽሑፍ መመሪያ እንዲሰጥና ከጥቂት ቀናት በኋላ ፋርማሲስት ስልክ እንዲደውል አድርጎ ነበር። በቀጣዮቹ 30 ቀናት ታካሚዎቹ ወደ ሆስፒታልና ወደ ድንገተኛ ክፍል የተመለሱበት መጠን ከሌሎቹ በ30 በመቶ ገደማ አንሶ ተገኝቷል።

ተማሪ ነርስ ሲመደብልዎ

በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ተማሪዎች ታካሚ ይጠይቃሉ፣ ይመረምራሉ፣ መድኃኒትም በአስተማሪ ክትትል ይሰጣሉ። ተማሪ መሆኗን እንድትነግርዎት፣ ማን እንደሚቆጣጠራትም መጠየቅ ይችላሉ። ካልፈለጉ እምቢ ማለት መብትዎ ነው፤ ይህን በማለትዎም ሕክምናዎ መጓደል የለበትም። በሌላ በኩል ተማሪ ብዙውን ጊዜ ከተረኛ ነርስ የበለጠ ተቀምጦ የማዳመጥ ጊዜ አለው። ያልገባዎትን የመውጫ ወረቀት አንድ በአንድ እንድታነብልዎ መጠየቅ ለእርስዎም ለእሷም ይጠቅማል።

አስታማሚዎችም ይረካከባሉ

በአገራችን ታካሚን የሚያስታምመው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ሰኞ እህት ታድራለች፣ ረቡዕ የአጎት ልጅ ይተካታል፣ የመውጫው ቀን ደግሞ መኪና ያለው ዘመድ ይመጣል። ነርሷ ምክሩን የምትሰጠው በዚያ ሰዓት አጠገቧ ለተገኘው ሰው ነው። እሱም ታካሚውን ቤት አድርሶ ወደ ሥራው ይመለሳል። መድኃኒቱን የምትሰጠው እናት ግን ምንም አልሰማችም።

ይህን ለማስቀረት፦

• ቤት ውስጥ የምታስታምመው ሰው ማን እንደሆነች አስቀድመው ለነርሷ ይንገሩ፤ ምክሩ ሲሰጥም እሷ ትገኝ። መምጣት ካልቻለች በስልክ ትስማ።
• አንድ ደብተር ያዘጋጁ። ተራ የሚቀያየሩ አስታማሚዎች ሐኪሙ ያለውን፣ የተሰጠውን መድኃኒትና የሚጠበቀውን ውጤት በቀን ይጻፉበት።
• ከሐኪሞች ጋር የሚነጋገር አንድ ተጠሪ ከቤተሰቡ ይምረጡ።
• ቤተሰብ ታካሚውን ላለማስደንገጥ ሕመሙን የሚደብቅበት ጊዜ አለ። የሕመሙን ስም የማያውቅ ታካሚ ግን ብቻውን ሌላ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ስለ ሕክምናው መናገር አይችልም። እንዴት እንደሚነገረው ከሐኪሙና ከነርሷ ጋር ይመካከሩ።

ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት የሚጠየቁ 8 ጥያቄዎች

1. የሕመሜ ስም ምንድን ነው? ምን ተደረገልኝ?
2. የትኞቹን መድኃኒቶች እወስዳለሁ? እያንዳንዱ ለምንድን ነው? እስከ መቼ?
3. ከዚህ በፊት ከምወስዳቸው ውስጥ የትኛውን ላቁም?
4. ያልደረሰ የምርመራ ውጤት አለ? መቼ፣ ከማን ልቀበል?
5. የቀጠሮዬ ቀን መቼ ነው? የት ክፍል? ምን ይዤ ልምጣ?
6. ክትትሉን ቤቴ አጠገብ ባለው ጤና ጣቢያ ማድረግ እችላለሁ? ደብዳቤ ይጻፍልኝ?
7. ምን ልብላ? ምን ያህል ልንቀሳቀስ? ሥራ መቼ ልጀምር?
8. የትኛው ምልክት ከታየ ቀጠሮ ሳልጠብቅ ልመለስ? ለማን ልደውል?

የመውጫ ማጠቃለያው አንድ ቅጂ በእጅዎ ይሁን። በስልክዎ ፎቶ ያንሡት፤ ወረቀት ይጠፋል፣ ይረጥባል። የራጅና የላቦራቶሪ ውጤቶችንም በአንድ ማኅደር ያስቀምጡ።

ሰዓትና የቀን አቆጣጠር

ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው በቁጥር ነው። በቀን 2 ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት በ12 ሰዓት ልዩነት ነው፤ ለምሳሌ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት። በቀን 3 ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ በ8 ሰዓት ልዩነት ነው፤ ለምሳሌ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓትና ማታ 4 ሰዓት። ወረቀቱ ላይ «8» ተብሎ ከተጻፈ በኢትዮጵያ ሰዓት ይሁን በፈረንጅ ሰዓት ያረጋግጡ፤ መካከላቸው የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። ቀጠሮም በኢትዮጵያ ይሁን በጎርጎርዮስ ቀን አቆጣጠር የተጻፈው ይጠይቁ፤ የሳምንቱን ቀን ስም አብሮ ማስጻፍም ይጠቅማል።

የኢንሱሊን ተጠቃሚ ከሆኑ ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ በረዶ መሥራት ግን የለበትም። የተከፈተው ከሙቀትና ከፀሐይ ርቆ ብዙውን ጊዜ እስከ 4 ሳምንት ያገለግላል። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ዕቃውን ውኃ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልሎ በእርጥበት በሚቀዘቅዝ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል።

ጾምና ጸበል

ነርሷ ባትጠይቅዎትም እርስዎ ያንሡት። የስኳር ሕመምተኛ ለጾም ወይም ለረመዳን የመድኃኒት መጠንና ሰዓት ሳያስተካክል ምግብ ቢያቆይ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ጸበል የሚሄዱ ከሆነም መድኃኒትዎን ይዘው ይሂዱ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎት በቀን የሚጠጡት ፈሳሽ ሊወሰን ስለሚችል ምን ያህል ጸበል መጠጣት እንደሚችሉ አስቀድመው ይጠይቁ።

ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ሲጻፍልዎ

በሆስፒታሎች የሪፈር ሥራን የሚያስተባብር የላይዘን ክፍል አለ። ከመነሣትዎ በፊት ተቀባዩ ሆስፒታል አልጋና የሚያስፈልገው አገልግሎት እንዳለው ተደውሎ መጠየቁን ከዚህ ክፍል ያረጋግጡ። የሪፈር ወረቀቱ የተሰጠውን ሕክምናና የተሰጠበትን ሰዓት መያዝ አለበት። በጠና የታመመ ሰው ብቻውን ሳይሆን በባለሙያ ታጅቦ እንዲሄድ ይጠይቁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የደረጃውን ቅደም ተከተል በሪፈር ይከተሉ፤ አለዚያ ወጪው በራስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ የሚያስመልሱ ምልክቶች

ከቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ትኩሳት፣ የቁስሉ መቅላት፣ ማበጥ ወይም መግል መያዝ፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የአንድ እግር ማበጥና ሕመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር።

ከወሊድ በኋላ ለእናት፦ ብዙ ደም መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ መንቀጥቀጥ። ለሕፃን፦ ጡት አለመጥባት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ሰውነቱ መጋል ወይም መቀዝቀዝ፣ መንቀጥቀጥ፣ መዳፉና የእግሩ ሥር ቢጫ መሆን። ምልክት ባይኖርም የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ ከ48 እስከ 72 ሰዓት፣ ከ7 እስከ 14 ቀን እና በ6ኛው ሳምንት ምርመራ እንዲደረግ ይመክራል።

የልብ ድካም ላለበት፦ በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ መጨመር፣ የእግር ማበጥ፣ ተጋድሞ መተኛት አለመቻል።

ለስኳር ሕመምተኛ፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት። ታካሚው መዋጥ ከቻለ ወዲያውኑ ስኳር ወይም ጣፋጭ መጠጥ ይስጡ፤ ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይሰጡ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

በአሜሪካ ለሚታከሙ

ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች ሁሉ እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። በመውጫው ቀን «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ። ልጅዎ እንግሊዝኛ ቢችልም ስለ መድኃኒት መጠንና ስለ ከባድ ሕመም እንዲያስተረጉም አይተዉበት።

ከወጡ በኋላ

በመጀመሪያው ሳምንት መድኃኒቶቹን ሁሉ፣ አሮጌዎቹን ጨምሮ፣ በአንድ ፌስታል ይዘው አቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱና ከመውጫ ማጠቃለያው ጋር እንዲያመሳክሩልዎ ይጠይቁ። በገጠር የሚኖሩ ከሆነ የቀበሌዎ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከሆስፒታል መመለስዎን ትወቅ፤ ቤትዎ ድረስ መጥታ ልትከታተልዎ ትችላለች። መድኃኒት ካለቀብዎ፣ ፋርማሲ ካጡት ወይም መግዣው ካጠረዎት የቀጠሮዎን ቀን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያው ይንገሩ።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ነው። ስለራስዎ ሕመምና መድኃኒት የሚከታተልዎትን ሐኪም ወይም ነርስ ያማክሩ።